ከድራም ወንበር ወደ ቀረጻ ክፍል፦ ጎንደር ላለ ድራመር የተዘጋጀ መመሪያ

የድራም ተጫዋች በመድረክ ላይ ከሁሉም ኋላ ይቀመጣል። ድምፃዊው፣ ማሲንቆው፣ ቤዝ ጊታሩና ኪቦርዱ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሲቆሙ፣ እርሱ የሁሉንም እንቅስቃሴ እያየ ማን እንደ ቸኮለና ማን እንደ ዘገየ ከማንም ቀድሞ ይሰማል። ወደ ድምፅ ቀረጻና ወደ ሙዚቃ ፕሮዳክሽን ለመግባት ያሰበ ድራመር ይዞት የሚመጣው ዋና ሀብት ይህ ጆሮ ነው። ይሁን እንጂ ያው ጆሮ አንድ ጉድለት አለበት፤ ሲምባሉን ከግማሽ ሜትር ርቀት፣ ድምፃዊውን ግን አጠገቡ ከተቀመጠ ስፒከር ስለሚሰማ፣ አዳራሹ መካከል የቆመው ሰው የሚሰማውን ሙዚቃ ድራመሩ ሰምቶት አያውቅም ማለት ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ በሰርግ፣ በሆቴልና በባህል ምሽት ቤቶች ድራም እየተጫወቱ ወደ ቀረጻ ሥራ መሸጋገር ለሚፈልጉ የተጻፈ ሲሆን፣ የሚጀምረውም ይህን ጉድለት ከማረም ነው።

ዕቃ ከመግዛት በፊት

ለመጀመሪያው አንድ ወር ምንም ዕቃ አይግዙ። ስልክዎን ባንዱ በሚለማመድበት ክፍል ውስጥ ከድራሙ ሦስት ሜትር ያህል አርቀው፣ በሰው ደረት ከፍታ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እያስቀመጡ ልምምዱን ይቅዱ፤ የቀዱትንም የዚያኑ ምሽት ሳይሆን በማግሥቱ፣ ጆሮዎ ካረፈ በኋላ ይስሙት። ስልክ ድምፅ ሲበረታ በራሱ ስለሚቀንስ፣ ሲያንስም ስለሚጨምር፣ በእርሱ ቀረጻ ስለ ድምፅ ጥራት መፍረድ አይቻልም፤ ማን ማንን እንደ ሸፈነና ምቱ የት ላይ እንደ ተንሸራተተ ግን አይደብቅም። እኔ በዚህ መንገድ ራሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ያፈርኩት ዘወትር በምጠረጥረው ቀኝ እግሬ ሳይሆን ለዓመታት በተማመንኩበት ሃይ ሃት ነበር፤ ማሲንቆውን ጨርሶ ውጦታል፣ ኪክ ድራሙ ደግሞ ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ ይመስላል።

ለቀረጻ የሚመታ ድራም ለመድረክ ከሚመታው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በቀረጻ ጊዜ ሲምባልና ሃይ ሃት ለዘብ ተደርገው፣ ስኔርና ኪክ ደግሞ ጠንከርና እኩል ተደርገው መመታት አለባቸው፤ ምክንያቱም በስኔሩ ማይክ ውስጥ የገባውን ሃይ ሃት በኋላ በኮምፒውተር ነቅሎ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለዚህ የሚረዳ አሰልቺ ልምምድ አለ፦ ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ላይ አድርገው ለአሥር ደቂቃ ስኔርን በአንድ ኃይል ብቻ ይምቱ፣ ይቅዱትም፤ ከዚያ የድምፁን ሞገድ በኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱ ምቶቹ እንደ አጥር እንጨት እኩል ቁመት ካላቸው እጅዎ ለቀረጻ ተዘጋጅቷል፤ ወጣ ገባ ከሆኑ ግን ልምምዱ ይቀጥላል።

ጆሮን ስለ መጠበቅም እዚሁ ላይ ላንሣ። ድራም በቅርብ ርቀት በቀላሉ 100 ዴሲቤል ይደርሳል፤ የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች ደግሞ ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት፣ ለ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይፈቅዳሉ። የጆሮ መድፈኛ የማያደርግ ድራመር ነገ ሚክስ የሚያደርግበትን (የተቀዱትን ድምፆች እያመዛዘነ የሚያዋህድበትን) መሣሪያ ዛሬ እያበላሸ ነው።

ምን ይገዛ

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚባለው፣ ከማይክሮፎኑ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ቁጥር ለውጦ ለኮምፒውተሩ የሚያቀብለው ሳጥን ነው። ሁለት መግቢያ ያለው ለመማር ይበቃል፤ አራት መግቢያ ያለው ከተገኘ ከዚህ በታች ለምገልጸው የማይክ አተካከል ይሆናል። ስምንት መግቢያ ያለው ገዝቶ ስምንት ርካሽ ማይክ መሰካት ግን ጀማሪውን ስምንት ችግር በአንድ ጊዜ እንዲፈታ ከማስገደድ በቀር ትርፍ የለውም።

ከማይክሮፎኖች አንድ ዳይናሚክ (ከኢንተርፌሱ ኃይል የማይፈልግ፣ ጠንካራ ድምፅ የሚችል) ይቅደም። ሹር ኩባንያ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስኤም 57 የተባለው ማይክ እስከ ዛሬ ለስኔር የሚመረጥ ሲሆን፣ ለኪክ፣ ለቶም፣ ለከበሮና ለድምፃዊም ያገለግላል። ነገር ግን የዚህ ማይክ አስመስሎ የተሠራ ቅጂ በገበያ ላይ ብዙ ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን የገዛሁት ሐሰተኛውን ነበር፣ ያወቅሁትም የጓደኛዬን እውነተኛ ማይክ በሌላ እጄ ስይዘው ነው። እውነተኛው ወደ 284 ግራም ስለሚመዝን፣ ከመግዛትዎ በፊት በአንድ ወርቅ ቤት ወይም ሱቅ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አያሳፍርም። ቀጥሎ ሁለት አንድ ዓይነት ኮንደንሰር (ረቂቅ ድምፅን ጭምር የሚይዙ) ማይኮች ይገዛሉ፤ እነዚህ ከኢንተርፌሱ የሚላክ 48 ቮልት ኃይል ስለሚፈልጉ ቁልፉ ካልተጫነ ድምፅ አይሰጡም። ማዳመጫው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ዝግ ዓይነት ይሁን፤ ክፍት ከሆነ የክሊኩ (በማዳመጫ የሚሰማው የሜትሮኖም ምት) ድምፅ ወደ ማይኮቹ ሾልኮ ገብቶ፣ ዘፈኑ ጸጥ በሚልበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

የቀረጻ ሶፍትዌሩ ብዙ አያስጨንቅዎት። ብዙዎቹ አቀናባሪዎቻችን ኪዩቤዝና ኤፍኤል ስቱዲዮ ይጠቀማሉ፤ ለጀማሪ ግን ሪፐር የተባለው፣ መጠኑ ትንሽ የሆነና ለ60 ቀን በነጻ የሚሞከር፣ በደከመ ላፕቶፕም የሚሠራ ስለሆነ እርሱን እመርጣለሁ። የሶፍትዌሩ የቀረጻ ጥራት መጠን 48 ኪሎ ኸርዝ እና 24 ቢት ይሁን። በዚህ መጠን አንድ ትራክ (የአንድ ማይክ ድምፅ ለብቻው የተቀዳበት መስመር) በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ፣ ባለ ስምንት ትራክ የአምስት ደቂቃ ዘፈን አንድ ጊዜ ብቻ ሲቀዳ ወደ 350 ሜጋባይት ይደርሳል፤ አንድን ዘፈን አሥር ጊዜ ለሚደጋግም ሰው የሃርድ ዲስክ ነገር ቀልድ አይደለም። በፈር የሚባለውን ቁጥር ሲቀዱ 128 ላይ ያድርጉት፤ ከፍ ካለ የመቱት ምት በማዳመጫው ዘግይቶ ይደርስዎታልና፣ ድራመር ደግሞ ይህን መዘግየት ከማንም በላይ ይጠላል። ሚክስ ሲያደርጉ ወደ 1024 ከፍ ማድረግ ኮምፒውተሩን ያሳርፈዋል።

መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ የአሠራሩ አካል ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ጤናማ እስከ ሆነ ድረስ ከዴስክቶፕ ይሻላል፤ ዴስክቶፕ የሚጠቀም ሰው ዩፒኤስ ሳይኖረው ቀረጻ አይጀምር። በጄኔሬተር ወይም የመሬት ሽቦ በሌለው ሶኬት ሲሠራ በ50 እና በ100 ኸርዝ አካባቢ የሚያንጎራጉር ድምፅ ወደ ቀረጻው ሊገባ ይችላል፤ ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅለው በባትሪ ሲቀዱ ማንጎራጎሩ ከጠፋ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው።

ክፍሉ

ድራም ለቀረጻ ከሁሉ አስቸጋሪ መሣሪያ የሚሆነው ክፍሉን ጭምር ስለሚመታ ነው። በደካማ ክፍል የተቀዳ ክራር በቅርብ ማይክ ሊድን ይችላል፤ በደካማ ክፍል የተቀዳ ድራም ግን አይድንም። በመሆኑም ለማይክ ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ለክፍሉ የሚወጣው ጉልበት ይቀድማል።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍን ይተዉት። ካርቶኑ ከፍተኛ ድምፆችን በጥቂቱ ይቀንስ እንደ ሆነ እንጂ የኪክንና የከበሮን ወፍራም ድምፅ አይነካም፣ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣም አያግድም፤ በዚያ ላይ እሳት ይወዳል። ከእርሱ ይልቅ ወፍራም ነገር ይፈልጉ፦ በየማዕዘኑ የቆመ የጥጥ ፍራሽ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ የተሰቀለ ባና ወይም ከባድ ብርድ ልብስ፣ ከድራሙ ሥር ምንጣፍ። ፍራሹ በማዕዘን የሚቆመው ወፍራም ድምፅ እዚያ ስለሚከማች ነው። አራት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ክፍል በርዝመቱ በ43፣ በስፋቱ በ57 ኸርዝ ላይ ድምፅን ያጎላል፤ ይህም ኪክ ድራም የሚኖርበት ሰፈር ነው። ድራሙን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው ወይም በክፍሉ ትክክለኛ መሐል ላይ አያስቀምጡት፤ አንድ ሰው ኪኩን እየመታ እርስዎ በክፍሉ እየዞሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ቦታ በጆሮዎ ይፈልጉ። ምርጫ ያለው ሰው ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ይምረጥ፤ በጣሊያን ጊዜ የተሠሩት የፒያሳ አካባቢ ሕንፃዎች ለዚህ ይመቻሉ፣ ምክንያቱም ዝቅተኛ ኮርኒስ የሲምባሉን ድምፅ መልሶ በላይኛው ማይክ ላይ ይደፋዋል።

ቀጥሎ የዝምታ ሰዓትን ማጥናት ያስፈልጋል። ለአንድ ሳምንት በየሁለት ሰዓቱ ባዶውን ክፍል ለአንድ ደቂቃ ይቅዱትና ሰዓቱን ይጻፉ። የንጋቱ የቅዳሴ ድምፅ ማጉያ፣ አዛኑ፣ አስፋልት ላይ የሚወጣ ባጃጅ፣ የጎረቤት ውሻ ሁሉም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ከሳምንት በኋላ የሰፈርዎን የዝምታ መርሐ ግብር በእጅዎ ይዘዋል። ጥር 10 እና 11 ማለትም በከተራና በጥምቀት ቀረጻ መያዝ ከንቱ ነው፤ ከተማው ሁሉ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ ጸጥታም፣ ሥራ ያልያዘ ሙዚቀኛም አይገኝም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ስለሚባክን፣ የክረምት ቀረጻ ጠዋት ጠዋት ቢሆን ይሻላል።

ክረምት ሌላም ጣጣ አለው። የከበሮ ቆዳ እርጥበት ሲገባው ይላላል፤ ከቀረጻ በፊት ፀሐይ ላይ ወይም ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጎ ማሞቅ የቆየ ዘዴ ነው። ለድራሙ የፕላስቲክ ፊት ግን ፀሐይ አያስፈልግም። ብሎኖቹን በዙሪያ ሳይሆን በትይዩ፣ አንዱን ከሠሩ በኋላ ተቃራኒውን እያደረጉ፣ በየብሎኑ አጠገብ በስቲክ ሲነኩት አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጥ ያስተካክሉ። ያረጀ ፊት ያለው ስኔር በየትኛውም ማይክ ቢቀዳ ያረጀ ሆኖ ይወጣልና፣ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ አዲስ ፊት ይግዙ።

ማይክ አተካከል

በአንድ ማይክ ይጀምሩ። ከጭንቅላትዎ በላይ፣ ወደ ስኔሩ እያየ፣ አንድ ኮንደንሰር ይስቀሉና ለሁለት ሳምንት በእርሱ ብቻ ይቅዱ። በአንድ ማይክ የተቀዳው ድራም ሚዛኑ የተስተካከለ መስሎ እስኪሰማ ድረስ ማይኩን ሳይሆን አመታትዎን ያርሙ፤ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው በኋላ ምን ያህል ማይክ ቢጨምር ያው ነው። ከዚያ የኪኩን ማይክ ይጨምሩ።

ሦስተኛውና አራተኛው ሲጨመሩ እንግሊዛዊው የድምፅ ባለሙያ ግሊን ጆንስ የሚታወቅበትን አተካከል እመክራለሁ። አንዱ ኮንደንሰር ከስኔሩ በላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ ታች ያያል፤ ሁለተኛው ከወለል ቶሙ ጎን፣ ከጠርዙ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በስኔሩ ላይ አልፎ ወደ ሃይ ሃቱ ያያል። ሁለቱም ከስኔሩ መሐል እኩል መራቅ አለባቸው፤ ለዚህም ሜትር ከመፈለግ ሲባጎ በስኔሩ መሐል በጣት ይዞ ጫፉን ከአንዱ ማይክ ወደ ሌላው ማዞር ይበቃል። ድምፅ በጎንደር አየር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል (የከተማው ከፍታ አይለውጠውም፣ የሚለውጠው ሙቀት ነው)፤ ሁለቱ ማይኮች ከስኔሩ በዚህ መጠን ከተለያዩ አንዱ ስኔሩን አንድ ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማና፣ ሁለቱ ሲደመሩ በ500 ኸርዝ አካባቢ ያለው የስኔሩ ሥጋ ይጠፋል። ብዙ ጀማሪ በኢኪውአላይዘር (የድምፅ ቃና ማስተካከያ) ሊመልሰው ሲታገል የሚያድረው ይህንን በሲባጎ የሚፈታ ችግር ነው። ከሁለቱ በተጨማሪ አንድ ማይክ ለኪክ፣ አንድ ለስኔር ይተከላል። የእያንዳንዱን ማይክ ምልክት በፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች በሚገለብጠው) ቁልፍ ገልብጠው ይስሙና ወፍራሙ ድምፅ የሚሞላበትን ይያዙ።

የመግቢያውን መጠን ሲያስተካክሉ አንድ የድራመሮች ጠባይ ያስታውሱ፦ ለሙከራ የሚመታ ድራመር ሁልጊዜ ለዘፈኑ ከሚመታው ያንሳል። ስለዚህ በሙከራው ጊዜ ከፍተኛው ምት ከዜሮ (ሶፍትዌሩ ከሚቀበለው የድምፅ ጣሪያ) በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲሆን ያድርጉ፤ ባለ 24 ቢት ቀረጻ ሰፊ ስለሆነ ዝቅ ብሎ መቀዳት አይጎዳም፣ ዜሮን ማለፍ ግን የማይጠገን መሰንጠቅ ያስከትላል።

ማሲንቆ፣ ከበሮና ክሊክ

ጎንደር ውስጥ አንድ ክፍል ከፍቶ ለተቀመጠ ድራመር በሩን የሚያንኳኳው ሮክ ባንድ አይደለም፤ አዝማሪ፣ የሰርግ ዘፋኝ ወይም የመዝሙር ቡድን ነው። በመሆኑም ራስዎን ለመቅዳት የተማሩትን ሌላውን ለመቅዳት ሲያውሉት ከባዱ ፈተና የሚመጣው ከማሲንቆ ጋር ነው፣ እኔም የመጀመሪያውን ትልቅ ስሕተት የሠራሁት እዚያ ላይ ነበር።

አንድ ጎበዝ አዝማሪ መጥቶ፣ እንደ ለመድነው ክሊኩን በማዳመጫ ሰጠሁትና ማሲንቆውን ብቻውን፣ ከዚያ ድምፁን ብቻውን እንቀዳለን አልኩት። ሦስት ሰዓት ደከምን። የወጣው ነገር ምቱ ልክ ነበር፤ ሕይወት ግን አልነበረውም። ሰውየው ስንኙን ጨርሶ ማሲንቆው እስኪመልስለት ድረስ የሚያርፈው ዕረፍት፣ ቃል ሲከብድበት ወደ ኋላ ሳብ የሚያደርገው ምት፣ በክሊኩ ሥር ሁሉም ተቀጥቅጦ ጠፍቷል። ስሕተቱ የአዝማሪው እንዳልነበረ ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው። አዝማሪው ተቀምጦ እየዘፈነ ማሲንቆውን ይመታል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀዳሉ። ኮንደንሰሩ በቆዳ ከተለበጠው የማሲንቆ ሳጥን ፊት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ደጋኑ ክሩን ከሚነካበት ቦታ ጥቂት ዘወር ብሎ ይተከላል፤ ከቀረበ ፉጨቱና መፋተጉ ይበዛል። የድምፃዊው ማይክ ዳይናሚክ ሆኖ ጀርባው ወደ ማሲንቆው እንዲዞር ይደረጋል፣ ካርዲዮይድ (በዋናነት ከፊቱ ያለውን የሚሰማ) ማይክ ከጀርባው የሚመጣውን እምብዛም አይሰማምና። ክሊክ አይኖርም። እርስዎ በሌላ ክፍል ሆነው፣ አዝማሪው በማዳመጫ እየሰማዎት፣ በለሆሳስ በጣትዎ እየመቱ ይመሩታል፤ ድራመር ስለሆኑ ሊያፋጥን ሲል ያውቁታል፣ ሊያርፍ ሲልም ያውቁታል። የተቀዳው ከተመረጠ በኋላ በሶፍትዌሩ ውስጥ በየምት ቤቱ (ባር) መጀመሪያ ላይ ምልክት እያስቀመጡ የፍጥነቱን ካርታ ከአዝማሪው ጋር ያስማማሉ። በዚህ ጊዜ ክሊኩ አዝማሪውን ይከተላል፣ ድራሙና ቤዙም በዚያ ክሊክ ላይ ይጨመራሉ። ኪቦርድ ተጫዋች ለዚህ ሥራ ሰዓታት ሲፈጅበት አይቻለሁ፤ ልምድ ያለው ድራመር ግን በጆሮው ቶሎ ያገኘዋል።

ከዚሁ ጋር ሶፍትዌሩ ሲከፈት በራሱ የሚያቀርበውን 4/4 መለወጥ አይርሱ። የእስክስታው ችክችካ በ6/8 ወይም በ12/8 የሚሄድ ስለሆነ፣ በ4/4 መረብ ላይ ኳንታይዝ ሲደረግ (ሶፍትዌሩ ምቶቹን ወደ መረቡ መስመር ሲያስጠጋ) ምቶቹ ወደማይገባቸው ቦታ ይጎተቱና ጭፈራው ሰልፍ ይሆናል። መረቡ ትክክል ሆኖም እንኳ ኳንታይዝን በሙሉ አይጫኑት፤ የራሴን እጅ በሞገድ ላይ ስመለከተው በሦስቱ ምቶች መካከል ያለው ርቀት እኩል አይደለም፣ ትከሻ የሚያነቃውም ያ ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከበሮ ሁለት ፊት ስላለው በሁለት ማይክ ይቀዳል፦ ለሰፊው ፊት ዳይናሚክ፣ ለጠባቡ ኮንደንሰር፣ ሁለቱም አንድ ክንድ ያህል ርቀው። የአንዱን ፖላሪቲ ገልብጠው ይስሙ፤ ብዙ ጊዜ ሙሉው ድምፅ የሚገኘው ሲገለበጥ ነው። ከበሮና ኪክ ድራም በአንድ ዘፈን ውስጥ ካሉ አንዱን ከታች፣ ሌላውን ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ እኔ ታችኛውን ቦታ ለከበሮው እሰጣለሁ።

ሚክሲንግና ከዚያ ወዲያ

ስለ ሚክሲንግ የሚጻፈው ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ ለድራመር ብቻ የሚያስፈልገውን እነግራለሁ። ድራሙን ከፍ ማድረግ ያምርዎታል። ስለዚህ ሚክሱን ከድምፁና ከማሲንቆው ይጀምሩ፣ ድራሙን በመጨረሻ ያስገቡ፣ የስፒከሩም ድምፅ ሰው እያወራ በሚደማመጥበት መጠን ይሁን። በሥራ ተሻግሮ ለታወቀ ድራመር ምሳሌ የሚፈልግ ካለ፣ አሜሪካዊው ቡች ቪግ ድራመር ሆኖ ሳለ በ1983 እ.ኤ.አ. ከጓደኛው ጋር በማዲሰን ከተማ አነስተኛ ስቱዲዮ ከፍቶ ከዓለም ታላላቅ ፕሮዲውሰሮች አንዱ ለመሆን በቅቷል። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎንና ኮንጋ የሚጫወት አቀናባሪ ነው።

ሚክሱ ሲያልቅ በማዳመጫ፣ በስልክ ስፒከርና በባጃጅ ውስጥ ይስሙት። የባጃጅ ስፒከር ወፍራም ድምፅ ስለማይሰጥ ኪኩ ጨርሶ ከጠፋበት የመዶሻው ጠቅታ ማነሱን ያሳያል፤ ለሹፌሩም የዘፈኑን ስም ሳይነግሩ አስተያየቱን ይጠይቁት። ለዩቲዩብ የሚሄድ ሥራ ሲሆን ዩቲዩብ ጮክ ያለውን ወደ 14 ሉፍስ (የዘፈን አጠቃላይ ጩኸት መለኪያ) ከዜሮ በታች ስለሚያወርደው፣ ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማጠናቀቂያ) ላይ ድራሙን ጨፍልቆ ማስጮህ ጥቅም የለውም።

ከሰው ጋር ሲሠሩ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ቀረጻና ሚክሲንግ የማን እንደ ሆነ፣ የተቀዳውም ድምፅ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ከቀረጻው በፊት በአንድ ገጽ ይፈራረሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው ቁጥር 872/2007 የከዋኙንም የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩንም መብት ያውቃሉ፤ በቃል የተስማማ ሰው ግን መብቱን ለማስረዳት ይቸገራል።

በመጨረሻ ጎንደር ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ መኖሩን ልንገርዎ። ብዙ ዘፈን ዛሬም ድራሙ በኪቦርድ ስለሚሠራ፣ እውነተኛ ድራም የሚፈልግ የአዲስ አበባ አቀናባሪ ዘፈኑንና የፍጥነት ካርታውን ይልክልዎታል፣ እርስዎም ድራሙን ብቻ ቀድተው ይመልሱለታል። እያንዳንዱን ትራክ ከዘፈኑ ዜሮ ነጥብ ጀምረው በ24 ቢት ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ያውጡ፤ ስሙንም ‹ኪክ›፣ ‹ስኔር›፣ ‹ላይ ግራ›፣ ‹ላይ ቀኝ› ብለው ይጻፉ፤ ኤፌክት አይጨምሩበት። በቴሌግራም ሲልኩ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚፈቀድ ሁሉንም በአንድ ዚፕ ጠቅልለው እንደ ፋይል ይላኩት። ኢንተርኔቱ ፈጠን የሚለው ሌሊት ላይ ስለሆነ እኔ ከመተኛቴ በፊት ጭኜው አድራለሁ፤ ጠዋት ሁለቱ የመነበብ ምልክቶች መታየታቸውን ካረጋገጥኩ በኋላ ዋናውን ቅጂ በሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጬ የሚቀጥለውን ዘፈን እከፍታለሁ።